ፎርማት ከመደረጉ በፊት

እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2022 የሊኑስ ቶርቫልድስ ኮምፒውተር አመለ ቢስ ሆነበት። ሊኑክስን በ1991 የጀመረው፣ ዛሬም በከርነሉ ላይ የመጨረሻውን ቃል የሚሰጠው ሰውዬ ነው። ያን ሰሞን ለ6.1 እትም ከዓለም ዙሪያ የሚላክለትን ኮድ የሚያስገባበት የሁለት ሳምንት ጥድፊያ ላይ ነበር። ኮዱን የሚያቀናብርለት ፕሮግራም ባልታሰበ ቦታ እየተቋረጠ አስቸገረው። መጀመሪያ የጠረጠረው ሶፍትዌሩን ነው፤ አዲሱ ከርነል ውስጥ ስህተት የገባ መሰለው። የድሮውን ከርነል አስነስቶ ሞከረ፤ ያው ነው። ከዚያ ሜምቴስት የሚባለውን የሚሞሪ መፈተሻ ሌሊቱን ሙሉ ሲያስኬድ አደረ። ለካ ሁለት ዓመት ተኩል ያለ እንከን ሲሠራ ከነበረው ራም አንዱ ተበላሽቶ ኖሯል!

ቤቱን የሠራው ሰው እንኳ መጀመሪያ ቤቱን ከጠረጠረ ገሰራ ወይም ሮቤ ቁጭ ብሎ ኡቡንቱ የጫነ ሰው ቢሳሳት ምን ይገርማል?

አንድ የቤት ኮምፒውተር ይታሰብ። ያገለገለ ሆኖ የተገዛ፣ ዊንዶውሱ ስለከበደው ሊኑክስ የተጫነበት። ሰኞ ፋየርፎክስ በራሱ ይዘጋል። ረቡዕ ሊብሬኦፊስ ጽሑፍ መሃል ላይ ይጠፋል። ዓርብ ምንም ሳይነካ ስክሪኑ ደርቆ ይቀራል። ጎረቤት ፍርዱን ወዲያው ይሰጣል፦ «ሊኑክሱ ነው፣ ዊንዶውስህን መልስ።» ጥገና ቤቱም የራሱ ፍርድ አለው፦ «ፎርማት ይደረግ።»

ፎርማት በእኛ አገር የኮምፒውተር አሞክሳሲሊን ሆኗል። ለራስ ምታቱም ለሆድ ቁርጠቱም ይታዘዛል። ክፋቱ ደግሞ አንዳንዴ የሠራ መምሰሉ ነው። ገና የተጫነ ሲስተም ብዙ ሚሞሪ አይነካም፤ የተበላሸችዋ ቦታ ላይ እስኪደርስ ሳምንት ሁለት ሳምንት ሊያልፍ ይችላል። ባለቤቱ «ዳነልኝ» ይላል። ከዚያ ያው በሽታ ይመለሳል፤ ያው ክፍያም አብሮ።

እዚህ ላይ ብዙዎች የሚያልፉት አንድ ነገር አለ። ብልሽቱ ሥርዓት የሌለው መሆኑ ራሱ መረጃ ነው። የፕሮግራም ስህተት ብዙውን ጊዜ ቦታውን አይለቅም፤ ያንኑ ፋይል ስትከፍት፣ ያንኑ ቁልፍ ስትጫን ይደገማል። የማይተዋወቁ ፕሮግራሞች ተራ በተራ ሲወድቁ ግን ተጠርጣሪው ሁሉም የሚጋሩት ነገር ነው፦ ራም፣ ፓወር ሳፕላይ፣ ሙቀት፣ ዲስክ። አንድ ቤት መብራት ቢጠፋ አምፖሉ ይታያል፤ መንደሩ በሙሉ ብልጭ ድርግም ሲል አምፖል የሚቀይር የለም፣ ወደ ትራንስፎርመሩ ነው የሚታየው። ሊኑክስ ደግሞ ማን መቼ እንደወደቀ በሎጉ ላይ ይመዘግባል። እዚያ ላይ በየቀኑ የተለያየ ስም ከተጻፈ የሚፈታው ሽቦ ነው፣ የሚከፈተውም የኮምፒውተሩ ክዳን።

ለምን ይህን ያህል ይካበዳል? ፕሮግራም መዘጋቱ የጉዳቱ ትንሹ ክፍል ስለሆነ ነው። የተበላሸ ራም በላዩ የሚያልፈውን ዳታ ያለ ድምፅ ይቀይራል። በተራ የጽሑፍ ፋይል ውስጥ 8 የምትባለው ቁጥርና 0 የሚለያዩት በአንዲት ቢት ብቻ ነው። የተማሪ ውጤት 85 የነበረ 05 ሆኖ ሊቀመጥ ይችላል፤ ኮምፒውተሩም አይናገርም፣ አስተማሪውም አያይም። አሁን «ፎርማት ከመደረጉ በፊት ፋይሎችህን ፍላሽ ላይ ገልብጥ» የሚለውን ምክር እንመልከት። የሚገለበጠው በዚያው በታመመው ራም በኩል ነው! ዋናው ፋይል ይጠፋል፣ የተበከለው ቅጂ ይተርፋል።

የቁጥሩ ነገር ቀልድ የሚመስለው ካለ በ2003 ቤልጅየም ስካርቤክ የሆነውን ያስታውስ። በኤሌክትሮኒክ ምርጫ አንዲት እጩ 4,096 ትርፍ ድምፅ አገኘች። የተነቃው ሊገኝ ከሚችለው በላይ ድምፅ ስለነበረ ነው። 4,096 ሁለት ለ12 ጊዜ በራሱ ሲባዛ የሚመጣ ቁጥር ነው፤ ማለትም አንዲት ቢት ብቻ ተገልብጣለች። ከጠፈር የመጣ ጨረር ነው ተባለ፤ ማረጋገጫ ግን አልተገኘም፣ ሌላ ምክንያት ስለታጣ የተደረሰበት ግምት ነው።

ይህን የሰማ የባሌ ሰው ከፍታውን ሊያማርር ይችላል። ሮቤ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ነች፤ ከፍ ባለ ቁጥር ጨረሩ መጨመሩ እውነት ነው። ነገር ግን ለምድር ወገብ የቀረበ አገር በምድር መግነጢስ የተሻለ ይከለላል። ደግሞም ጎግልና የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ በ2009 ባወጡት ጥናት፣ በዓመት ውስጥ ከ100 ራም ከ8 በላይ የሚሆኑት ስህተት አሳይተዋል፤ ምክንያቱም ባመዛኙ የራሱ የራሙ ጉድለት እንጂ አላፊ ጨረር አይደለም። ሰማይን ከመክሰስ በፊት አቧራው ይጠረግ፣ የሚዋዥቀው መብራት ስታቢላይዘር ይግባለት።

ምርመራው ገንዘብ አይጠይቅም። ሜምቴስት ነፃ ነው፤ በፍላሽ ይነሳል፣ በቆዩ ኮምፒውተሮች ላይ ደግሞ ከኡቡንቱ ጋር አብሮ የሚመጣ ነው፣ ሲነሳ በሚወጣው ሜኑ ላይ ይገኛል። የሚጠይቀው አንድ ሙሉ ሌሊት ነው። (መብራት የማይጠፋበት ሌሊት፤ ከጠፋ ከዜሮ ይጀመራል።) አንዲት ቀይ መስመር እንኳ ከወጣች ኮምፒውተሩ ይጠፋ፣ ከኤሌክትሪክ ይነቀል፣ ራሙ ወጥቶ እግሩ በላጲስ ይጠረግና ተመልሶ ይሞከር። ሁለት ራም ካለ አንድ በአንድ እየተነቀለ ይፈተን፤ ጥፋተኛው ያኔ ይለያል። ምንም ካልወጣ ደግሞ ተራው የፓወር ሳፕላዩና የሙቀቱ ነው።

ጥፋቷ ጠባብ ከሆነች ሊኑክስ የታመሙትን አድራሻዎች ለይቶ እንዳይነካቸው ማዘዝ ይቻላል፤ በማስነሻው ፋይል ላይ አንድ መስመር መጻፍ ነው። 4 ጊጋ ራም ሊጣል የነበረው ጥቂት ሜጋ ብቻ ተቀንሶለት ያገለግላል። ዘላቂ መፍትሔ አይደለም፤ ጉዳቱ እየሰፋ ሊሄድ ስለሚችል በየጊዜው እንደገና መፈተሽ አለበት። ግን አዲሱ ራም 430 ኪሎ ሜትር አቋርጦ ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ድረስ፣ «ሊኑክሱ ነው» የተባለው ሊኑክስ ኮምፒውተሩን ይዞ ያቆየዋል።