የአባባ ቮልስ ሆዷ ሲታይ

እኛ ቤት አንዲት ቮልስ አለች። በዕድሜ ሁላችንንም ትበልጣለች፤ በመወደድም እንዲሁ። ሞተሯ አስቸግሮን አያውቅም፤ የሰፈራችን መካኒክ ዓይኑን ጨፍኖ ይፈታዋል። የሚያሳፍረን ሆዷ ነው። የበሮቿ ልባስ ውኃ ጠጥቶ አብጧል፣ የጣሪያዋ ልብስ ተንጠልጥሎ ፀጉራችንን ያበላሻል፣ የኋላ ወንበሯ ሽቦ ደግሞ ስንት ቀሚስ እንደቀደደ እኛና ልብስ ሰፊያችን እናውቃለን።

ባለፈው ዓመት አባባ ዓይኑ ደከመና መንዳት አቆመ። «ሽጧትና ገንዘቡን ተካፈሉ» አለን። እኛ ሦስቱ ልጆቹ ግን ሌላ ነገር ታየን። አባባ በዚህች መኪና የኋላ ወንበር ላይ አንድም ቀን ተቀምጦ አያውቅም። እማማ ጉልበቷን ስለሚያማት የፊቱ ቦታ የእሷ ነው፤ እኛ እንንዳ፣ እሱ ከኋላ ዘና ይበል ተባባልን። ለዚህ ደግሞ ውስጧ መታደስ አለበት። ከመካከላችን ጋዜጠኝነት የተመረቀችው «መጠየቅ ሥራሽ ነው» ተብላ ዕቃ አፈላላጊ ሆነች።

መጀመሪያ የሄድነው በርካሹ መንገድ ነው። አንድ ወንበር ሰፊ በሁለት ቀን ጨርሶ አስረከበን። ሲያዩት ያበራል፤ ሲቀመጡበት ያንሳፍፋል። በሳምንቱ እሁድ አባባን ከኋላ አስቀምጠን ስንሄድ አንድ ጉድጓድ ውስጥ ገብተን ወጣን። ጎማ የተቃጠለ የሚመስል ሽታ መጣ፤ ቀጥሎ ጭስ። አባባን ደግፈን አወጣነው፤ ወንበሩንም ነቅለን አስፋልት ላይ ወረወርነው። እሳቱ ሳይነሳ ደረስን። እጃችን ግን እስከ ማታ ሲንቀጠቀጥ ዋለ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የቮልስ ባትሪ ያለው ከኋላ ወንበር ሥር፣ በስተቀኝ ነው። የወንበሩ ስፕሪንግ ብረት ነው። ሰው ሲቀመጥበት ወርዶ የባትሪውን ጫፎች ከነካ ይግላል፤ በላዩ ያለውም ሁሉ ይቀጣጠላል። ለዚህ ነው ባትሪው ላይ ክዳን የሚደረገው። የእኛው ሰፊ ክዳኑን ሳይመልስ ቀርቷል፤ የላላውን ስፕሪንግም ሳያጠብቅ ስፖንጅ ጭኖበታል። «ገለባ» ብሎ የጣለው ነገር ደግሞ በላስቲክ የተጣበቀ ቃጫ፣ የፋብሪካው ሙሌት ነበር። የተቀማጩን ክብደት ለስፕሪንጎቹ የሚያከፋፍለው እሱ ነው። ለካ ጥሩ ዕቃ ማለት የሚያበራ ማለት አይደለም!

ከዚያ በኋላ ፍለጋው የምር ሆነ። የመጨረሻዋ የድሮ ቮልስ ሜክሲኮ ውስጥ፣ ፑዌብላ ላይ የተሠራችው በ2003 እ.ኤ.አ. ነው። እስከዚያ ድረስ ከ21 ሚሊዮን በላይ ተመርተዋል። ወዳጇ ብዙ ስለሆነ የውስጥ ልባሷን ዛሬም አዲስ አድርገው የሚሠሩ አሜሪካና አውሮፓ ውስጥ አሉ። ዋሽንግተን ያለችው አክስታችን የበሩን ልባስ አዝዛ በሻንጣዋ ይዛልን መጣች። ደስታችን ግማሽ ሰዓት አልሞላም። ቀዳዳ ከቀዳዳ አልገጥም አለ። ሊብሬው ላይ 1968 ስለሚል በዚያ ነበር ያዘዝነው።

ጉዱን ያወጣው የሻንሲ ቁጥሩ ነው። እሱም እዚያው የኋላ ወንበር ሥር፣ መሐል ላይ ተመትቷል። ከ1965 ሞዴል ወዲህ ባሉት የ60ዎቹ ቮልሶች ላይ ሦስተኛዋ አኃዝ የሞዴሉን ዓመት ትናገራለች። የእኛዋ በ116 ትጀምራለች፤ የ1966 ሞዴል ናት ማለት ነው። በሩ ደግሞ በ1967 ሞዴል ተቀይሯል።

ሶማሌ ተራ ወረድን። «ኦርጅናል ነው» የማይል ሻጭ አላጋጠመንም። እኛም የራሳችንን መፈተኛ አበጀን፤ ለምትፈልጉት እነሆ። ሰው ሠራሽ ቆዳውን አጥፉት፤ እጥፋቱ ላይ ነጭ መስመር ከቀረ ተዉት። ጀርባውን ገልብጡ፤ ጨርቅ የሌለው ቶሎ ይቀደዳል። ካርቶን ላይ የተለጠፈ የበር ልባስ አትግዙ፤ የመጀመሪያው ክረምት ያሳብጠዋል። ከመግጠማችሁ በፊትም በሩ ላይ ላስቲክ መወጠሩን እዩ። በመስታወቱ በኩል ወደ በሩ ውስጥ የሚገባውን ዝናብ ከልባሱ የሚከለክለው ይህ ላስቲክ ነው። በዚህ ዓይነት ከአንዲት የተፈታች ቮልስ ላይ ሙሌቱ ያልተነካ ወንበርና የባትሪ ክዳን አገኘን። አክስታችንም የበሩን ልባስ መልሳ በትክክለኛው ዓመት አስለወጠችልን።

የጣሪያውን ልብስ ግን ለጊዜው ተውነው። የፊትና የኋላ መስታወት ወጥቶ፣ በብረት ቅስቶች ተወጥሮ፣ ዳር ዳሩ በማስቲሽ የሚያያዝ ሥራ ነው። ለእሱ ገና ገንዘብ እየቆጠብን ነው።

ባለፈው እሁድ አባባ ከኋላ ተቀመጠ። እኛ ጉድጓድ ባየን ቁጥር ትንፋሻችንን እንይዛለን፤ እሱ በመስኮቱ መንገዱን ያያል። የሻንሲውን ታሪክ ስንነግረው ሳቀብን።

«ስልሳ ስድስት መሆኗንማ አውቃለሁ። ሊብሬው ላይ ያለው እዚህ የተመዘገበችበት ዓመት ነው። ማን ጠየቀኝ?»

ጋዜጠኝነት የተመረቀችው አንገቷን ደፋች። ጋራዡን ጠይቃለች፣ ሶማሌ ተራን ጠይቃለች፣ ዋሽንግተን ድረስ ደውላለች፤ ሳሎን የተቀመጠውን ሰው ግን አልጠየቀችም። ነገሩን ስናስበው፣ «ሽጧት» ባለን ጊዜም እውነት እንድትሸጥ ፈልጎ እንደሆነ አንዳችንም አልጠየቅነውም ነበር። አሁን ጠየቅነው።

«ጣሪያዋን ጨርሱና እንነጋገራለን» አለን።