ሳራዬቮ በልጅ ደብተር

ሳራዬቮ የሄደ ሰው መጀመሪያ ዓይኑ የሚያርፈው ተራራው ላይ ነው። ከተማዋ ሸለቆ ውስጥ ተጋድማለች፤ ሚሊያትስካ ወንዝ መሐሏን ይሰነጥቃታል። ለሽርሽር ግሩም! ለከበባም እንደዚያው። ከ1992 እስከ 1996 (በፈረንጆች አቆጣጠር ነው) ከዚያው ተራራ መድፍ ሲወርድባት ኖረች።

ውድ አንባቢያን፣ ያንን ጊዜ ከጄኔራሎች መግለጫ ይልቅ የአንዲት ታዳጊ ልጅ ደብተር ይነግራችኋል። በ1991 ስትጀምረው ወሬዋ ትምህርት ቤትና ፒያኖ ነበር። ዓመት ሳይሞላው ምድር ቤት፣ ሻማና የውሃ ጀሪካን ሆነ። ከመዋዕለ ሕፃናት ጀምሮ የምታውቃት ጓደኛዋ መናፈሻ ውስጥ በፍንጣሪ ስትሞትም ጻፈችው። የከተማው ሰው ውሃ የሚቀዳው ከቢራ ፋብሪካው ነበር (ዛሬም እዚያው ቆሟል፣ ብታዩት ደግ ነው)፤ ወረፋው ላይም መድፍ ይወድቃል።

ደብተሩ በ1993 ታተመ፤ ልጅቷም በዚያው ዓመት መጨረሻ ከወላጆቿ ጋር ፓሪስ ገባች። እሰየው! ግን እኩዮቿስ? ብዙዎቹ እዚያው ቀሩ'ኮ።

ዋናውን ጎዳና ስትረግጡ ይቺን አስቡ፦ በ2012፣ ከበባው በተጀመረ በ20ኛ ዓመቱ፣ ለሟቾቹ 11,541 ቀይ ወንበሮች ባዶአቸውን ተደርድረውበት ነበር። ለሕፃናቱ የተቀመጡት ትንንሽ ናቸው፤ አላፊ አግዳሚው አሻንጉሊት ያኖርባቸው ነበር።