ተዋናይን የምታሳድግ ቤት

ፊልም የሚወድ ሰው ሁሉ የራሱ ምርጥ ተዋናይ አለው። አንዱ በመልክ፣ ሌላው በድምፅ፣ ሦስተኛው በአረማመድ ይማረካል። በሥራ ቦታችን በሻይ ሰዓት ጨዋታው ወደ ፊልም ባዘነበለ ቁጥር እኔ የምጠራቸው ስሞች ሁሉ ከአንዲት ትንሽ አገር ስለሚወጡ፣ ባልደረቦቼ «ደግሞ ስኮትላንዶችሽን ልታመጪ ነው!» እያሉ ይስቁብኛል። እውነታቸውን ነው። ሕዝቧ አምስት ሚሊዮን ተኩል ገደማ የሆነችው ስኮትላንድ ያፈራቻቸውን ተዋንያን መውደድ ከጀመርኩ ብዙ ዘመኔ ነው። ዛሬ ስለ እነርሱ ላወጋችሁ የተነሣሁት የፊልም ወሬ ለማብዛት ሳይሆን፣ የአስተዳደጋቸው ታሪክ እኛን እናቶችንና ሠራተኞችን በቀጥታ የሚመለከት ሆኖ ስላገኘሁት ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ልብ በሉልኝ።

ከሁሉ አስቀድሜ የማነሣው ሾን ኮነሪን ነው። ብዙዎቻችን የምናውቀው ከ1962 ጀምሮ ጄምስ ቦንድን ሆኖ በሠራባቸው ፊልሞች፣ በሚያምር ሙሉ ልብሱና በውድ መኪናው ነው። ነገር ግን በ1930 የተወለደው በኤድንበራ ከተማ፣ ፋውንቴንብሪጅ በሚባል የሠራተኞች ሠፈር ውስጥ ነው። አባቱ የፋብሪካ ሠራተኛ፣ እናቱ የጽዳት ሠራተኛ ነበሩ። ቤታቸው ጠባብ ስለነበረ የሕፃኑ የመጀመሪያ አልጋ የልብስ ማስቀመጫ መሳቢያ ነበር ይባላል። ኮነሪ ገና በልጅነቱ ጎሕ ሳይቀድ እየተነሣ ወተት ማደል ጀመረ። ትምህርቱንም ቀደም ብሎ አቋርጦ በፈረስ ጋሪ ወተት አመላላሽ፣ መርከበኛ፣ የሬሣ ሣጥን ወልዋይ እየሆነ ሠርቷል።

ራሱ ኮነሪ ያወጋው አንድ ጨዋታ አለ። ስሙ ዓለምን ካዳረሰ በኋላ በኤድንበራ ታክሲ ተሳፍሮ ሲሄድ የየመንገዱን ስም አንድ ባንድ ቢጠራ፣ ነጂው ተገርሞ ይህን ሁሉ እንዴት ሊያውቅ እንደቻለ ጠየቀው። ኮነሪም በልጅነቱ በዚያ ሠፈር ወተት ያድል እንደነበረ ነገረው። ነጂው ታዲያ ምን ቢል ጥሩ ነው? አሁንስ ምን እንደሚሠራ ጠየቀው!

እኔን የሚማርከኝ ግን ኮነሪ የወጣበትን ቤት አለመርሳቱ ነው። በ1971 «ዳይመንድስ አር ፎርኤቨር» ከተባለው ፊልም ያገኘውን ክፍያ የስኮትላንድ ወጣቶችን በትምህርት የሚረዳ ድርጅት እንዲቋቋምበት ሰጥቷል። አነጋገሩንም አልለወጠም። አየርላንዳዊ ፖሊስ ሆኖ ሠርቶ በ1988 ኦስካር ሲሸለም፣ በ1990 ደግሞ የሶቪየት ባሕር ሰርጓጅ መርከብ አዛዥ ሆኖ ሲጫወት፣ ከአፉ የሚወጣው ያው የፋውንቴንብሪጅ ለዛ ነበር። በዚህ የነቀፉት አሉ። ለእኔ ግን ሰው ከፍ ባለ ጊዜ በእናቱ ቤት አነጋገር እንዳያፍር የሚያስተምር ነው። ኮነሪ በ2020፣ በ90 ዓመቱ አርፏል።

ሁለተኛው ብራያን ኮክስ ነው። በ1946 የተወለደባት ዳንዲ በጆንያ ፋብሪካዎቿ የታወቀች ከተማ ነበረች። በእነዚያ ፋብሪካዎች የሚሠሩት አብዛኞቹ ሴቶች ስለነበሩ ዳንዲ የሴቶች ከተማ ትባል ነበር። ሥራ አጥተው ቤት የሚውሉትንም ባሎች ሕዝቡ «የሻይ ውሃ ጣጆች» በሚል ዓይነት ቅጽል ይቀልድባቸው ነበር። የኮክስ እናትም በፋብሪካው በፈታይነት ከሠሩት ሴቶች አንዷ ናቸው። ልጁ ስምንት ዓመት ሲሆነው አባቱ ሞቱ። እናቱም በደረሰባቸው የአእምሮ መታወክ ልጃቸውን ለማሳደግ ስላልቻሉ፣ ብራያንን ያሳደጉት ታላላቅ እኅቶቹ ናቸው።

እስቲ አስቡት እኅቶቼ፤ ራሷ ሳትጠግብ ታናናሾቿን ያበላች፣ የራሷን ጨዋታ ትታ አዝላ ያሳደገች ታላቅ እኅት የማታውቁ ማናችሁ ናችሁ? ኮክስ በአሥራዎቹ ዕድሜ አጋማሽ በዳንዲ ቴያትር ቤት በአነስተኛ ሥራ ተቀጥሮ ሙያውን ከሥር ጀመረ። ከ2018 እስከ 2023 በታየው «ሰክሴሽን» በተሰኘው ተከታታይ የቴሌቪዥን ፊልም ልጆቹን የሚያንቀጠቅጥ ባለጸጋ አባት ሆኖ ሲጫወት፣ የታሪኩ ጸሐፊዎች ያንን አባት የዳንዲ ተወላጅ አድርገውታል። ያ ጨካኝ አባት በልጆቹ ላይ ሲጮህ ባየሁ ቁጥር፣ አባቱን በስምንት ዓመቱ ያጣ ልጅ ያንን ሁሉ ቁጣ ከወዴት አገኘው እያልኩ እደነቃለሁ።

ጄምስ ማካቮይም እንዲሁ ነው። በ1979 በግላስጎው ከተወለደ በኋላ ወላጆቹ ሲለያዩ፣ ድራምቻፕል በተባለ ሠፈር ያሳደጉት የእናቱ ወላጆች ናቸው። ወንድ አያቱ ሥጋ ሻጭ ነበሩ። አንድ ቀን ዴቪድ ሄይማን የተባለ ተዋናይና የፊልም አዘጋጅ ወደ ትምህርት ቤቱ መጥቶ ለተማሪዎቹ ንግግር አደረገ። ንግግሩ ሲያበቃ ማካቮይ ቀርቦ አመሰገነውና ሥራ የሚለምድበት ዕድል እንዲሰጠው ጠየቀው። ሄይማንም ልጁን አልረሳውም። በ1995 በወጣው ፊልሙ አነስተኛ ቦታ ሰጠው። አያቶች የሚያስተምሩት ሰላምታና ምስጋና የሥራ በር ከፈተ ብል ማጋነን አይሆንብኝም። ማካቮይም በተራው በ2015 በተማረበት የግላስጎው የኪነ ጥበብ ትምህርት ቤት ወጣቶች እንዲረዱበት 125,000 ፓውንድ ሰጥቷል።

ስለ ወንዶቹ ብቻ እንዳወራ አትታዘቡኝ። ኬሊ ማክዶናልድን ያሳደጓት እናቷ ብቻቸውን ናቸው። ግላስጎው ውስጥ በመጠጥ ቤት አስተናጋጅነት ስትሠራ፣ «ትሬንስፖቲንግ» ለተባለው ፊልም አዲስ ሰው እንደሚፈለግ የሚገልጽ ወረቀት አየች። የተዋናይነት ትምህርት ሳይኖራት ሄዳ ተፈተነችና ተመረጠች። ፊልሙ በ1996 ወጣ። ከአሥር ዓመት በኋላ የኤሚ ሽልማት ያገኘችበት ሥራዋ «ዘ ገርል ኢን ዘ ካፌ» ነው። በዚያ ፊልም ዓይን አፋር ሴት ሆና በታላላቅ መንግሥታት መሪዎች እራት ላይ ስለሚሞቱ ድሃ ሕፃናት ስትናገር፣ ድምፅዋ ሳይጮህ የልብን በር ያንኳኳል።

በ«ትሬንስፖቲንግ» ዋናውን ገጸ ባሕርይ የተጫወተው ዩዋን ማክግሬገር ደግሞ የአስተማሪዎች ልጅ ነው። 16 ዓመት ሲሆነው ትምህርቱን ትቶ በፐርዝ ቴያትር ቤት እንዲሠራ ወላጆቹ ፈቀዱለት። አባቱ በዚያው በሚማርበት ትምህርት ቤት አስተማሪ እንደነበሩ ስታስቡ የውሳኔው ክብደት ይገባችኋል። ይኸው ማክግሬገር በ2007 ከስኮትላንድ ሰሜናዊ ጫፍ ተነሥቶ በሞተር ብስክሌት እስከ ኬፕታውን ሲጓዝ አገራችንንም አቋርጦ አልፏል። በእኛ መንገድ አቧራ ለብሶ ሲያልፍ በፊልም ባየሁት ጊዜ ዘመድ የመጣ ያህል ደስ አለኝ።

እንግዲህ ከእነዚህ ስሞች በስተጀርባ ሁልጊዜ አንድ ስሙ የማይጠራ ሰው አለ፤ የምታጸዳ እናት፣ ታላቅ እኅት፣ ሥጋ ሻጭ አያት፣ በልጁ የተማመነ አባት። የልጅን ተሰጥዎ ያሳደገው የቤቱ ሀብት ሳይሆን በቤቱ ውስጥ የተሰጠው ቦታ ነው።

ይህ ጉዳይ በእኔም ቤት አለ። የአሥረኛ ክፍል ተማሪ የሆነችው ልጄ የትምህርት ቤቷ የቴያትር ክበብ አባል ናት። ልምምዳቸው ቅዳሜ ነው፤ ቅዳሜ ደግሞ የልብስ አጠባ ቀናችን ነው። አክስቴ «ልጅቱን አዝማሪ ልታደርጊያት ነው?» ብለው ተቆጡኝ። ፍርሃታቸው ይገባኛል፤ በእሳቸው ዘመን ለመድረክ የወጣች ሴት ስሟ በመልካም አይነሣም ነበር። እኔ ግን ከልጄ ጋር ተመካከርኩ። የፈተና ውጤቷ እንዳይቀንስ ቃል ገባች። የቅዳሜው አጠባ ለወንድሟ ተላለፈ፤ እሱም ሁለት ሳምንት አኩርፎ ለመደ። አክስቴ ገና አልተዋጠላቸውም፤ ሆኖም ባለፈው ትርዒት ከፊት ወንበር ተቀምጠው ነበር።

ትምህርት ይቋረጥ፣ ልጅ ሁሉ ተዋናይ ይሁን ማለቴ አይደለም። ብዙው ልጅ ነገ ሌላ ሥራ ይይዛል፤ የእኔም ልጅ እንዲሁ ትሆን ይሆናል። ነገር ግን በቤቱ የተደመጠ ልጅ የትም ቢሄድ አንገቱን ቀና አድርጎ ይናገራል። ስለዚህ ውድ እናቶች፣ ልጃችሁ ማታ ማንኪያ ጨብጦ እንደ ንጉሥ ሲፎክር ብትሰሙት፣ «ዝም በል!» ከማለታችሁ በፊት እስኪጨርስ ድረስ አድምጡት።