ስልክ ቁጥሩ የት ነው?

 

ዛሬ አንድ ጥያቄ ልጠይቃችሁ። ለልጃችሁ ወይም ለራሳችሁ ሕክምና ስትፈልጉ የአንድ ሆስፒታል ወይም ክሊኒክ ድረ ገጽ ከፍታችሁ፣ ወዲያ ወዲህ ብላችሁ፣ የፈለጋችሁትን ሳታገኙ የዘጋችሁበት ቀን አለ? «ይሄ ለተማረ ሰው ነው፣ እኔ አልችልበትም» ብላችሁስ ታውቃላችሁ?

እንግዲያው ይህ ጽሑፍ ለእናንተ ነው። ብዙ ጊዜ ችግሩ ያለው ገጹ አሠራር ላይ ነው። ይህን እኔ ሐኪም ሆኜ የምጽፈው ደግሞ ያለ ምክንያት አይደለም። ገጹ ላይ ተስፋ የቆረጠ ሰው አንዳንዴ ሕክምናውንም አብሮ ይተወዋል። አንዳንዴ ደግሞ ወደ ተሳሳተ በር ይሄዳል።

እዚህ ገንዳ ውሃ ሆኜ ይህን በቅርብ አያለሁ። ስፔሻሊስት የሚያስፈልገው ታካሚ ጎንደር ሲላክ ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ይጓዛል። አዲስ አበባ ከሆነማ የትራንስፖርቱና የአልጋው ወጪ ሌላ ነው። መንገዱ ሁልጊዜ ክፍት አይደለም፣ ኔትወርኩም ይቆራረጣል፣ ብዙው ቤተሰብ እጁ ላይ ገንዘብ የሚገባው ሰሊጡ ሲሸጥ ነው። ስለዚህ ሰው ከቤቱ ከመነሳቱ በፊት ሦስት ነገር ማወቅ ይፈልጋል። ሐኪሙ አለ ወይ? በየትኛው ቀን ይገኛል? ስንት ያስከፍላል?

ባለፈው ዓመት አንዲት እናት የሰባት ዓመት ልጇን ይዛ መጣች። ልጁን ጉሮሮው ደጋግሞ ያመው ነበር። ቆይቶ ጉልበቱና ቁርጭምጭሚቱ እየተፈራረቁ ማበጥ ጀመሩ። ልቡን ሳዳምጥ ትክክል ያልሆነ ድምፅ ሰማሁ። የቶንሲል ሕመም በአግባቡ ሳይታከም ሲቀር በአንዳንድ ልጆች ላይ ቆይቶ የልብ ቫልቭን ሊጎዳ ይችላል። ይህን ለማረጋገጥ የልብ አልትራሳውንድ ያስፈልጋል። አስረዳኋት፣ ሪፈር ጻፍኩላት። እሷም ለልጇ የማትሆነው ነገር የለም፤ ገንዘቡንም አዘጋጅታ ነበር።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ስትመለስ ግን ልጁ የትም አልሄደም። አዲስ አበባ ያለ አንድ የግል ሕክምና ተቋም ዘመድ ነግሯት ገጹን ሦስት ማታ ሞክራዋለች። ስልኳን ሰጠችኝና «ዶክተርዬ፣ እስቲ አንቺ እዪልኝ» አለችኝ።

አየሁላት። መጀመሪያ የሕንጻው ፎቶዎች እየተቀያየሩ መጡ፤ ዳታ የሚበላው እሱ ነው። ቀጥሎ የሥራ አስኪያጁ መልእክት አለ። ሁሉም በእንግሊዝኛ ነው። ቀጠሮ ለመያዝ መጀመሪያ አካውንት ክፈቱ ይላል፣ አካውንት ለመክፈት ደግሞ ኢሜይል ይጠይቃል። እሷ ኢሜይል የላትም። ስልክ ቁጥሩን ያገኘሁት አራተኛው ገጽ ላይ፣ ከታች ጥግ፣ በደቃቅ ፊደል ተጽፎ ነው።

ከዚያ የነገረችኝ ነው ያስደነገጠኝ። እዚያው ስልኳ ላይ ሌላ ገጽ መጥቶላታል። በአማርኛ፣ በትልልቅ ፊደል «የልብ ሕመምን ያለ ቀዶ ሕክምና ፈጽሞ እናድናለን» ይላል። ከሥሩ አንድ ስልክ ቁጥርና «ይደውሉ» የሚል ምልክት አለ። ደወለች። በአክብሮት አነጋገሯት፣ ዋጋውንም ነገሯት፣ «ብሩን አስቀድመሽ ላኪ» አሏት። ከመላኳ በፊት እኔን ልትጠይቅ መምጣቷ ደግ ሆነ።

ልብ በሉ። እውነተኛ ሐኪሞች ያሉበት ቤት በሩ ጠፍቶባት፣ ሐኪም የሌለበት ቤት በሩን ወለል አድርጎ ጠበቃት። እሷ ሰነፍ አልነበረችም፤ የቀለለውን በር አንኳኳች። ማንኛችንም ልጃችን ታሞ ሲጨንቀን የምናደርገው ይህንኑ ነው።

ይህ በእኛ አገር ብቻ የሚሆን እንዳይመስላችሁ። አሜሪካ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 1 ቀን 2013፣ በእኛ መስከረም 21 ቀን 2006፣ ሕዝቡ የጤና መድን የሚገዛበትን ሄልዝኬር ዶት ገቭ የተባለ ድረ ገጽ ከፈተች። በመጀመሪያው 24 ሰዓት 4.7 ሚሊዮን ያህል ጎብኚ ገባ። በኋላ ይፋ በሆነ የመንግሥት ማስታወሻ መሠረት በመጀመሪያው ቀን ምዝገባውን የጨረሱት 6 ሰዎች ነበሩ። ሲስተሙ ብዙ ብልሽት ነበረበት። ከጉድለቶቹ አንዱ ግን ያቺን እናት ያቆማት ነው፦ ሰው ዋጋ እንኳ ከማየቱ በፊት አካውንት እንዲከፍት ይገደድ ነበር፤ ሁሉም እዚያ በር ላይ ተጨናነቀ። ገጹ ከተስተካከለ በኋላ እስከ ኤፕሪል 2014 በፌዴራሉና በክልሎቹ ገጾች 8 ሚሊዮን ሰው ለመድን ተመዘገበ። ሕዝቡ ከመጀመሪያውም ፈላጊ ነበር ማለት ነው።

በእኛ አገር ላይ ደግሞ ሌሎች እንቅፋቶች ይጨመራሉ። ሁለቱን ልንገራችሁ።

አንደኛው ስም ነው። ፎርሙ «የቤተሰብ ስም» ይላል። እኛ ያለን የራስ ስም፣ የአባት ስምና የአያት ስም ነው። አንዱ የአባቱን ይጽፋል፣ ሌላው የአያቱን። እናትና ልጅ የአባት ስማቸው ስለሚለያይ «ይህ ልጅ የእርስዎ ነው?» የሚል ጥያቄ ይመጣል። ካርዱ በአንድ ስም፣ ሪፈሩ በሌላ ስም ሆኖ ውጤት የሚጠፋውም በዚህ ነው።

ሁለተኛው ቀንና ሰዓት ነው። ገጹ «ሰኞ 2:00» ካለ፣ በእኛ አቆጣጠር ጠዋት ሁለት ሰዓት ነው ወይስ በፈረንጁ ከሰዓት ስምንት ሰዓት? ልዩነቱ ስድስት ሰዓት ነው። ሌሊት ተነስቶ የመጣ ሰው ግማሽ ቀን ይቀመጣል፤ የተገላቢጦሹ ከሆነ ደግሞ ቀጠሮው ያልፈዋል። የልደት ዘመንም እንዲሁ ነው። በእኛ በ2010 የተወለደ ልጅ በፈረንጁ 2010 ተብሎ ከተሞላ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ይጨመርበታል። ለሐኪም ይህ ቀላል ስህተት አይደለም።

ለጭንቀት ሰዓት ታስቦ የተሠራ ነገር እንዴት እንደሆነ ማየት ከፈለጋችሁ የወባ መድኃኒታችንን ኮአርተምን ተመልከቱ። እሽጉ በታካሚው ክብደት ተለይቶ በተለያየ ቀለም ይመጣል፣ አወሳሰዱም በሥዕል ተቀምጧል። በቀን ሁለት ጊዜ፣ ለሦስት ቀን፣ በድምሩ ስድስት ጊዜ ይወሰዳል። ማንበብ የማይችል አባት፣ ልጁ በትኩሳት እየተቃጠለ፣ በኩራዝ ብርሃንም ቢሆን እንዲገባው ታስቦ ነው። የጤና ድረ ገጽም እንዲህ ሊታሰብበት ይገባል።

እስከዚያው እናንተ ምን ታደርጋላችሁ?

1. ሪፈር ሲጻፍላችሁ ከክፍሉ ሳትወጡ የምትሄዱበትን ተቋም፣ የክፍሉን ስምና ስልክ ቁጥር ጠይቁ። ወረቀቱ ላይ ይጻፍላችሁ። መጠየቅ መብታችሁ ነው።

2. ድረ ገጽ ስትከፍቱ በቀጥታ ወደ ታችኛው ጫፍ ውረዱ፤ ስልክ ቁጥር ብዙ ጊዜ እዚያ ነው። ካገኛችሁ ፎርሙን ትታችሁ ደውሉ።

3. ቀጠሮ ሲነገራችሁ «በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው? ጠዋት ነው ከሰዓት?» ብላችሁ አረጋግጡ።

4. ስም ስትሞሉ ሪፈሩ ላይ እንዳለው፣ የልጁን፣ የአባቱንና የአያቱን በቅደም ተከተል ጻፉ።

5. ግራ ሲገባችሁ ወደ ጤና ሚኒስቴር ነፃ የስልክ መስመር 952 ደውሉ፣ ወይም የቀበሌያችሁን የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ጠይቁ።

6. «ፈጽሞ እናድናለን» የሚልና ሳይመረምር ብር የሚጠይቅ ሰው ገጹ ምንም ያህል ቢያምር ተጠንቀቁት። ገጽ ማማሩ ወይም መቅለሉ ለሕክምናው ዋስትና አይሆንም።

አንድ ነገር በጥብቅ ላሳስብ። ድረ ገጽ የማይፈለግበት ጊዜ አለ። ልጃችሁ መጥባት ወይም መጠጣት ካቃተው፣ የበላውን ሁሉ ካስመለሰው፣ ካንቀጠቀጠው፣ ወይም ደክሞ ራሱን ከሳተ ስልኩን አስቀምጡና ወዲያው ወደ ቅርቡ ጤና ተቋም ውሰዱት። እንደ መተማና አካባቢዋ ባለ ቆላ ደግሞ ማንኛውም ትኩሳት በዚያው ቀን የወባ ምርመራ ያስፈልገዋል። ከሁለት ሳምንት በላይ የቆየ ትኩሳት፣ ከክሳትና ከሆድ ግራ ጎን እብጠት ጋር ከሆነ ካላዛር ሊሆን ይችላልና ተመርመሩ። በተለይ ለአረምና ለአጨዳ ወደ እርሻ ካምፕ ወርዳችሁ የተመለሳችሁ ይህን አትርሱ።

ይህን የሚያነብ የጤና ተቋም ባለቤት ወይም ኃላፊ ካለ ደግሞ አንድ ልመና አለኝ። ገጻችሁ ገና ሲከፈት ስልክ ቁጥሩ፣ የሥራ ሰዓቱ፣ አገልግሎቱና ዋጋው በአማርኛ ይታይ። ለድንበር አካባቢያችን ከሆነ ዐረብኛም ቢጨመርበት መልካም ነው። የሕንጻው ፎቶ ከታች ቢመጣ ማንም አይቀየምም። ከዚያ ስልኩን ለአንዲት ወረፋ ለምትጠብቅ እናት ስጡና «ቀጠሮ ያዢ» በሏት። አታግዟት፤ ዝም ብላችሁ ተመልከቱ። የቆመችበት ቦታ ላይ ስንት ታካሚ እንደምታጡ ይገባችኋል።

ያ ልጅ አልትራሳውንዱን ተነስቷል። ቫልቩ መጠነኛ ጉዳት ነበረበት፤ አሁን በየአራት ሳምንቱ የፔኒሲሊን መርፌውን እየወሰደ ትምህርቱን ይማራል።

እናንተም «አልቻልኩበትም» ብላችሁ ሕክምና አትተዉ፤ ጠይቁ፣ ደውሉ። ይህን ጽሑፍ ሪፈር ለያዘ ወዳጃችሁ አጋሩለት።

ጤና ይብዛላችሁ!