ሸክሙን እንደ ተሸከመ ለኩት



ለዚህ የትምህርት ቤታችን መጽሔት ስለ ሥራ ዓለም አንድ ነገር ጻፍ ስባል ብዙ አላሰብኩም። የማውቀው ሥራ መካኒክነት ነው። ስለዚህ ካርቱም ውስጥ በአንድ አሮጌ ላንድሮቨር ላይ የሠራሁትን ስሕተት ላጫውታችሁ። እኔ ከፍዬ የተማርኩትን እናንተ ሳትከፍሉ ብትማሩት ደስ ይለኛል።

ጊዜው እ.ኤ.አ. 1986 ነው፤ ዕድሜዬ አሥራ ሰባት። ድንበር ተሻግሬ፣ ገዳሪፍ ጥቂት ወራት ቆይቼ ካርቱም ገባሁ። ብዙ ሐበሻ በሚኖርበት በዴም ሰፈር ከአራት የአገሬ ልጆች ጋር አንዲት ክፍል ተከራይተን እንኖር ነበር። ቀን ቀን በኢንዱስትሪ ሰፈር በአንድ ጋራዥ ረዳት ሆኜ እሠራለሁ። ባለቤቱ ሱዳናዊ ነው፤ ዋናው መካኒክ ግን ጎንደሬ ነበሩ። እኛ ጋሼ እንላቸዋለን፣ ሱዳኖቹ ደግሞ ኡስታ ይሏቸዋል። የሥራ ፈቃድ አልነበረኝም፤ ከዚያ ጋራዥ ብባረር የምገባበትን አላውቅም። ይህን ልብ በሉልኝ፤ በኋላ እመለስበታለሁ።

አንድ ቀን የገዳሪፍ ነጋዴ ረጅሙን ላንድሮቨር ይዞ መጣ። ረጅም የሚባለው ከፊት ጎማ እስከ ኋላ ጎማ 109 ኢንች ስለሆነ ነው። አንድ ኢንች 2.54 ሳንቲ ሜትር ነውና አባዙት፤ 2 ሜትር ከ77 ያህል ይመጣላችኋል። ሰውዬው ሰሊጥና ሰው እየጫነ ወደ ገላባት ይመላለሳል። ያ አገር መሬቱ ዋልካ ነው፤ ክረምት ሲገባ ጎማ ይውጣል። በአንድ ክረምት ብቻ ሦስት ጊዜ ሴሚያስ ተሰብሮበታል።

ሴሚያስ ከዲፈረንሻል ወደ እያንዳንዱ የኋላ ጎማ ኃይል የሚያደርስ የብረት ዘንግ ነው። በቀድሞዎቹ ላንድሮቨሮች ይህ ዘንግ ቀጭን ነበር፤ ዲፈረንሻሉ ውስጥ የሚገባው ጫፉም ጥርሱ አሥር ብቻ ነው። ጎማው ጭቃ ውስጥ ተይዞ ሾፌሩ በከባድ ማርሽ ነዳጅ ሲረግጥ፣ ዘንጉ እንደ እርጥብ ጨርቅ ይጠመዘዝና ቀጭ ይላል። ደግነቱ የመኪናውን ክብደት የሚሸከመው የውጭው ቱቦ ስለሆነ ጎማው አይወልቅም። ሾፌሩ የፊቱን ጎማዎች አስገብቶ፣ በእነሱ እየተጎተተ ቀስ ብሎ ከተማ ይደርሳል።

ፋብሪካውም ይህን ድካም ያውቅ ነበር። በ1970ዎቹ በወጣው በሦስተኛው ዓይነት ረጅም ላንድሮቨር ላይ ሳልስበሪ የሚባል በጣም ጠንካራ የኋላ አክስል ገባበት። ነጋዴያችን ከተገለበጠ መኪና የወጣ አንድ ሳልስበሪ ገዝቶ ኖሮ ጭኖት መጣና «ይህን ግጠሙልኝ» አለ።

ጋሼ መጀመሪያ ያደረጉት ነገር መቁጠር ነበር። የአዲሱን አክስል የግራና የቀኝ ጎማ እኩል አሥር ዙር ስናዞር፣ ኃይል የሚቀበለው የፊት ጫፉ 47 ጊዜ ዞረ። 47 ለ10 ሲካፈል 4.7 ነው። የፊቱን አክስልም ቆጠርን፤ ያው 4.7። «ባይመሳሰሉ ኖሮ አንገጥመውም ነበር» አሉኝ። «አራቱም ጎማ ሲገባ ፊትና ኋላው በተለያየ ፍጥነት ልሂድ እያሉ፣ መኪናው ራሱን በራሱ ይበላል።» እኔ ማካፈልን የተማርኩት ክፍል ውስጥ ነበር፤ ምን እንደሚሠራ ያየሁት ግን ያን ቀን ነው።

አሮጌውን ፈትተን አዲሱን ባሌስትራው ላይ አሰርን። የቀረው ካርዳኑ ነበር፤ ከካምቢዮ ወደ ኋላ ኃይል የሚወስደው ረጅሙ ዘንግ ማለቴ ነው። የሳልስበሪ አፍንጫ ወደ ፊት ረዘም ስለሚል የድሮው ካርዳን ማጠር አለበት። ጋሼ ሌላ መኪና ይዘው ስለነበር «ለካና ቶርኖ ቤት አስቆርጠው» አሉኝ። ኩራት ተሰማኝ። ሜትር ይዤ ገባሁ፣ ለካሁ፣ ጻፍኩ፣ አስቆረጥኩ፣ ገጠምኩ።

ስሕተቱ እዚህ ላይ ነው። ስለካ መኪናው በክሪክ ተነሥቶ እንጨት ላይ ቆሞ ነበር፤ አክስሉም ወደ ታች ተንጠልጥሏል። አክስል ሲንጠለጠል ከካምቢዮ ይርቃል። መኪናው መሬት ሲነካና ሲጫን ባሌስትራው ይተኛል፣ አክስሉ ወደ ላይ ይወጣል፣ ርቀቱም ያጥራል። ካርዳኑ አንዱ በሌላው ውስጥ የሚንሸራተትበት እጅጌ ያለው ለዚህ ነው። እኔ የለካሁት ሸክም የሌለበትን መኪና ነበር።

ማታ መኪናውን ስናወርደው ከሥር ገብቼ አየሁ። የእጅጌው መንሸራተቻ ከአንድ ጣት ውፍረት በላይ አልቀረውም፤ ያውም ባዶውን ሳለ። ሰሊጥ ሲጫንበትና ጉድጓድ ሲመታ መግቢያ ያጣል። አዲሱ አክስል ጠንካራ ስለሆነ አይበገርም፤ ግፊቱ ሁሉ ወደ ፊት ሄዶ ካምቢዮውን ይሰብራል። ነጋዴው ደግሞ በማግሥቱ ጠዋት ሊሄድ ነው።

ውድ ልጆች፣ እውነቱን ልንገራችሁ፤ ዝም አልኩ። እጄን ታጥቤ ወደ ዴም ሄድኩ። ሌሊቱን ግን እንቅልፍ አልወሰደኝም። «ምናልባት ይይዝ ይሆናል» እላለሁ፤ መልሼ ደግሞ በዚያ ዋልካ ላይ፣ በዝናብ፣ ሴትና ሕፃን ጭኖ የቆመውን መኪና አስባለሁ። ያን መንገድ በእግሬ አውቀዋለሁ። እኛም መጥተንበታል።

ጎህ ሳይቀድ ተነሥቼ ጋራዡ በር ላይ ቆሜ ጠበቅኳቸው። «ጋሼ፣ የለካሁት ተንጠልጥሎ ሳለ ነው» አልኳቸው። አልተቆጡም፤ አልሳቁም። ከጎረቤት መጋዘን አሥር ከረጢት ሲሚንቶ አስጫኑበት፤ እያንዳንዱ 50 ኪሎ፣ በጠቅላላው አምስት ኩንታል። ከዚያ ከሥር ገብተው አዩ። እጅጌው መንሸራተቻውን ጨርሶ ተቀርቅሯል። ነጋዴው ሲመጣ ጋሼ ነገሩን ሳይደብቁ ነገሩት። ለጥቂት ጊዜ ዝም ብሎ ቆየና «ማሌሽ» አለ፤ አንድ ቀን አድሮ ይሄዳል።

ያን ቀን እንደገና ለካሁ። መኪናው መሬት ላይ፣ ሲሚንቶው ላዩ ላይ እንዳለ። ጋሼ ሜትሩን ከእጄ አልወሰዱም፤ «አንተው ለካ» አሉኝ። የቶርኖው ሒሳብ ከሳምንት ደመወዜ ተቆረጠ፤ ከሥራዬ ግን አልተባረርኩም። እንዲያውም ከዚያ በኋላ የሚለካ ነገር ሲኖር የሚጠሩት እኔን ነበር። «ስሕተቱን የነገረኝ ልጅ ልኬቱንም አይዋሸኝም» ይሉ ነበር።

በዚያ ሙያ ከሠላሳ ዓመት በላይ ካርቱም ኖርኩ። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2023 ጦርነት ሲነሣ እንደ ብዙዎቻችሁ ወላጆች በሁለት እጄ የያዝኩትን ብቻ ይዤ ወጣሁ። ሳጥን ሙሉ ቁልፍ ትቼ ስወጣ፣ ኪሴ ውስጥ የቀረችው ሜትር ነበረች። ዛሬ እዚህ ልጆቻችሁን ሒሳብ ሳስተምር ጠረጴዛ የምንለካው በእርሷ ነው።

«አሥር ጊዜ ለክተህ አንድ ጊዜ ቁረጥ» ሲባል ሰምታችኋል። እኔ የምጨምርላችሁ ይህን ነው፤ አሥር ጊዜም ብትለኩ ተንጠልጥሎ ከለካችሁት አሥሩም ስሕተት ነው። መኪና ሸክሙን እንደ ተሸከመ ይለካ። አንዱን ክፍል ስታጠነክሩም ግፊቱ ቀጥሎ ወዴት እንደሚሄድ ጠይቁ።

ወላጆች ሆይ፣ ለእናንተ ደግሞ አንድ ልመና አለኝ። ልጃችሁ በማለዳ መጥቶ «ተሳስቻለሁ» ሲላችሁ፣ ከመቆጣታችሁ በፊት ከሥር ገብታችሁ እዩለት። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ልጁ ደፍሮ ሲናገር ነው፤ የሚናገረውም የሚሰማው ካገኘ ነው።

ቸር ይግጠመን።