የወንድሜ ተሳቢ መብራት

ዛሬ ትንሽ ረዘም ያለ ነገር ነው የጻፍኩት። መኪና ያላችሁ፣ በተለይ ተሳቢ የምትጎትቱ፣ እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ።

ታላቅ ወንድሜ ከጅቡቲ ሞጆ ጭነት ያመላልሳል። ባለፈው ወር ሚሌን አልፎ ሌሊት ላይ ፍሬን ሲይዝ ከኋላው ይመጣ የነበረ አውቶቡስ ለጥቂት ነው ሳይገባበት የቀረው። የአውቶቡሱ ሹፌር ወርዶ "አንተ ሰውዬ፣ ከኋላህ እኮ ምንም መብራት የለህም!" ብሎ ጮኸበት። ወንድሜ ደግሞ ከመነሳቱ በፊት አይቶታል፤ በርቶ ነበር።

ቤት ሲመጣ የፊዚክስ አስተማሪ ነኝና ሜትሬን ይዤ ወጣሁ። የስቶፑን አምፖል ነቅዬ ማቀፊያው ላይ ለካሁ፣ 24 ቮልት። "ሽቦው ደህና ነው፣ አምፖል ቀይር" አልኩት በሙሉ ልብ። አዲሱም አምፖል ጭል ጭል ብሎ ቀረ። ይባስ ብሎ ፍሬቻ ሲያሳይ ሌሎቹ የኋላ መብራቶች አብረው ይርገበገባሉ።

አንድ የድሮ ተማሪዬ አሁን የመኪና ኤሌክትሪክ ይሠራል። ደወልኩለት፣ መጣና ሳቀብኝ። "ቲቸር፣ አምፖሉን ሳይነቅሉ ነው እንጂ የሚለካው!" እውነቱን ነው። አምፖሉ ከሌለ ከረንት አይሄድም፤ ከረንት ካልሄደ ደግሞ የበሰበሰ መጋጠሚያም ቢሆን ቮልቴጅ አይበላም። የኦምን ሕግ ስንት ዓመት ሰሌዳ ላይ ስጽፍ ኖሬ!

ችግሩ የተገኘው መኪናውንና ተሳቢውን የሚያገናኘው ባለ 7 ቀዳዳ ሶኬት ውስጥ ነው። አንድ ሰው ኔጌቲቩን ሽቦ ቆርጦ፣ ጠምዝዞ፣ በናስትሮ ጠቅልሎታል። የመብራቶቹ ሁሉ መመለሻ ያ አንድ ሽቦ ነው። እሱ ሲዝግ አንዱ አምፖል መመለሻ አጥቶ በሌላው አምፖል በኩል ይዞራል፤ የሚርገበገቡትም ለዚህ ነው። ሁሉም ሲበራ በዚያ ሽቦ 4 አምፔር ያህል ያልፋል እንበል። መጋጠሚያው 1 ኦም ብቻ ቢኖረው 4 ቮልት ይጠፋል፣ 16 ዋት ሙቀት ደግሞ እዚያች ጣት በማታክል ቦታ ላይ ይወጣል። ሶኬቱ ውስጡ የቀለጠው ታዲያ ለምን ይመስላችኋል? "ፊውዝ አለኝ" ብላችሁ አትጽናኑ። ፊውዝ የሚቆርጠው ከረንት ሲበዛ ነው፣ መጥፎ መጋጠሚያ ደግሞ ከረንቱን ይቀንሰዋል እንጂ አያበዛውም።

ልጁ ሲቀይረው ቆሜ አየሁት። ለውጭ የሚሆነውን የጎማ ማሸጊያና ክዳን ያለውን መረጠ፣ ጋቢና ውስጥ ቢሆን ተራው ይበቃል አለ። የቤት ሽቦ አምጥቼለት ነበር፣ አንድ ወጥ መዳብ ስለሆነ በንዝረት ይሰበራል ብሎ መለሰልኝ፤ የሚፈለገው ከብዙ ቀጫጭን ክር የተሠራው ነው። ተርሚናሉን በሽቦው ውፍረት ልክ መርጦ በመጭመቂያ ፒንሳ ጨመቀውና ጎተት አድርጎ ሞከረው። በሊድ ለምን አትበይደውም ብለው፣ ሊዱ ያለቀበት ጫፍ ላይ ሽቦው እየታጠፈ ይቆረጣል አለኝ።

አንድ ያላሰብኩት ነገርም ነገረኝ። ባትሪ ያለበት ወገን ምንጊዜም ቀዳዳው (ሴቴው) ይሁን። ወንዴው ከሆነ፣ ተሳቢው ሲፈታ ፖዘቲቭ ያለበት ጫፍ ተንጠልጥሎ ብረት ይነካና እሳት ይፈጥራል። ኔጌቲቩ ደግሞ በመጎተቻው ብረት በኩል ይመለሳል ብላችሁ አትተዉት። እዚያ ያለው ግራሶና ዝገት ነው፣ የራሱ ሽቦ ይኑረው።

ሲጨርስ መብራቱን ሁሉ አብርተን፣ ሜትሩን ከመጋጠሚያው ግራና ቀኝ አድርገን ለካን። ዜሮ ሊሆን ምንም አልቀረውም።

ወንድሜ ትናንት ከአዋሽ ደውሎ ነበር። ረዳቱን በየፌርማታው ከኋላ እያቆመ ፍሬን ይረግጣል አሉ። የቀለጠው ሶኬት እኔ ጋ ነው፣ ሰኞ ክፍል ይዤው እገባለሁ።