ከእንጦጦ ተራራ የሚወርደው የእናት ሸክም

ከአዲስ አበባ በስተ ሰሜን የሚታየውን የእንጦጦን ተራራ የማያውቅ የለም። ዳግማዊ ምኒልክ ከተማቸውን ወደ ፍል ውሃው ሜዳ ከማውረዳቸው በፊት የተቀመጡበት፥ በኋላም ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. በእንጦጦ ማርያም ዘውድ የጫኑበት ስፍራ ነውና፥ ታሪኩ በብዙ መጻሕፍት ተጽፎ ይገኛል። እኛ ግን ዛሬ ለመናገር ያሰብነው ስለ ነገሥታቱ ሳይሆን፥ በዚያው ዳገት ማለዳ ወጥተው ከሰዓት በኋላ ስለሚወርዱት ድኾች እናቶች ነው።

ከተማው ገና ሲቆረቆር የማገዶ ችግር ስለ ጸና፥ አገሩ አውስትራሊያ የሆነው ባሕር ዛፍ በ1880ዎቹ ዓመታት ተተክሎ ተራራውን አለበሰው። ይህ ዛፍ ቢቈረጥ ከጉቶው መልሶ ያቈጠቍጣል፤ የደረቀ ቅጠሉም ቶሎ ስለሚነድ ለእንጀራ መጋገሪያ ይፈለጋል። እናቶቹም ጎሕ ሳይቀድ ተነሥተው፥ ሦስት ሺህ ሜትር ያህል ከፍታ ወዳለው ዱር ይወጣሉ። ቅጠሉንና ጭራሮውን ለቅመው በገመድ ካሰሩ በኋላ፥ ከ30 ኪሎ የሚበልጠውን ሸክም በጀርባቸው አዝለው፥ ዐይናቸውን ከመሬት ሳያነሡ ቍልቍለቱን ይወርዳሉ።

እኛም በአንድ ቀን ወደ ላይ ስንወጣ፥ አንዲት እናት ሸክሟን ከድንጋይ ካብ ላይ አስደግፋ ስታርፍ አገኘናት። ከመሬት ያወረደችው እንደ ሆነ የሚያሸክማት ሰው ያስፈልጋልና፥ ገመዱን ከደረቷ ሳትፈታ ቆማ ነበር። «እናታችን፥ እንደ ምን ዋሉ? የሚያግዝዎት ልጅ የለዎትምን?» ብለን ጠየቅናት።

«እግዚአብሔር ይመስገን። ልጆችስ ሦስት አሉኝ» ስትል መለሰችልን። «ታላቂቱ ጕልበት አላት፤ ‹እማዬ፥ አብሬሽ ልውጣ› እያለች ትለምነኛለች። አንድ ቀን ከወጣች ግን ገንዘቡን ትለምደዋለች፤ ትምህርቷም ይቀራል። ስለዚህ መንገዱን እንኳ አላሳየኋትም። የዛሬው ግማሹ ለዱቄት፥ ግማሹ ለደብተር ነው።»

ይህን ተናግራ ወገቧን አጐንብሳ መንገዷን ቀጠለች። እኛም ቃሏን እያሰብን ከኋላዋ ወረድን። መንገዱ የሸማኔዎች ጥበብ በየሱቁ በተሰቀለበት በሽሮ ሜዳ አልፎ፥ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቤተ መንግሥታቸውን ለትምህርት ወደ ሰጡበት፥ በ1954 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲ ሆኖ ወደ ተመረቀው ወደ ስድስት ኪሎው ግቢ ያደርሳል። በዚያ በር ፊት ደብተር የያዙ ወጣቶች ሲወጡና ሲገቡ፥ ሸክም ያዘለችው እናት በዳር በኩል ታልፋለች። ቀና ብላ ልታያቸው ሸክሙ አይፈቅድላትም፤ ልቧ ግን ከእነርሱ መካከል የራሷን ልጅ እንደሚፈልግ አንጠራጠርም።

እርግጥ ነው፥ የኤሌክትሪክ ምጣድ በብዙ ቤት ገብቷል፤ በ2013 ዓ.ም. በተራራው ላይ መናፈሻ ተከፍቷል፤ ሸክሙን ትተው በሽመና ሥራ የገቡ እናቶችም አሉ። ቢሆንም ሸክሙ ፈጽሞ አልቀረም።

የዚችን እናት ምክር ያስተዋልን እንደ ሆነ፥ የእናት ፍቅር ማለት ልጅን አቅፎ መሳም ብቻ እንዳልሆነ እንረዳለን። በቤት ውስጥ የሚረዳ ጕልበት እያለ፥ የነገን በማሰብ የዛሬውን እርዳታ እንቢ ማለት፥ ከሀብታም ይልቅ ለድኻ ብርቱ ነገር ነው። እርሷ ይህን ፈጽማለች።

እንግዲህ የቀረው የእኛ ፈንታ ነው። ማገዶ የሚገዛ ሰው በጥቂት ሳንቲም አይከራከራት፤ አስተማሪም የሆነ ልጇ በትምህርት ቤት ስትቀመጥ፥ የተቀመጠችበት ወንበር በምን ድካም እንደ ተገኘ ያስብ። ሥልጣን ያለውም ሰው ለእናቲቱ ከዳገቱ የሚያሳርፋት ሥራ ይፈልግላት። ልጂቱ መንገዱን ሳታውቀው ብትቀር፥ የእናቲቱ ድካም በከንቱ አልሆነም።